ሐረጎ ላይ የፈላችው መርሴዲስ

ጥር 2017፣ እሑድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ አንዲት ነጭ መርሴዲስ መታጠፊያ ጥግ ይዛ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቷል፤ እንፋሎቱ ቡን ይላል። ፊቷ ላይ የታሰረው የአበባ ጉንጉን ርሶ ተንጠልጥሏል። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ አስፋልቱ ዳር ወርዳለች። አንዷ ሚዜ ጃንጥላ ይዛላታለች። ከኋላ ያለው አጀብ ነገሩ ስላልገባው ጡሩምባውን እያንባረቀ ይጨፍራል። ቪዲዮ ቀራጩም መቅረጹን አላቆመም። ያ ቪዲዮ አሁንም አለ፤ ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ብዙውን ያረጋገጥኩት ከሱ ነው።

ሹፌሩ የእህቴ ባል ነው። መኪናዋም የሱ ናት። እኔ ከኋላ ባለው አባዱላ ውስጥ ነበርኩ። ሮጬ ስደርስ ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲጠጋ አገኘሁት። «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። ሳይነካው ቀረ እንጂ ፊቱ ይቀቀል ነበር።

የሙሽራዋ አክስት ግን አልተደናገጡም። «አብሽሩ፣ ዋናው መድረሱ ነው» አሉና ሙሽራዋን እጇን ይዘው ወደ አባዱላው አወጧት። ዘፈኑ ከቆመበት ቀጠለ። መርሴዲስ ተከራይታ በአባዱላ ደሴ የገባች ሙሽራ እሷ ሳትሆን አትቀርም። ገንዘቧ በማግስቱ ተመለሰላት።

ይህን የምጽፈው የእህቴ ባል ፈቅዶልኝ ነው። «ስሜን ተወው፤ ሌላውን ጻፈው፣ ሰው እንዳይሸወድ» አለኝ። እኔ ግን ሲሸወድ የሸወደው ማን እንደሆነ እስካሁን አንስማማም። እሱ ደላላውን ይወቅሳል። እኔ ደግሞ ስሙን እወቅሳለሁ። የመኪናዋን ስም።

ኮከቧ ከየት መጣች

የእህቴ ባል ተወልዶ ያደገው ኮምቦልቻ ነው። አባቱ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። አሰብ ወደብ ሳይዘጋብን በፊት ኮምቦልቻ ትልቅ የመንገድ መገናኛ ነበረች። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው ጭነት እዚያ ያልፋል፣ እዚያ ያድራል፣ እዚያ ይጠገናል። ልጅ ሆኖ ባለ ሦስት ጫፏን ኮከብ ያወቃት ከጭነት መኪና አፍንጫ ላይ ነው። አባቱ «ኮከብ ያለው በረሃ ላይ አይጥልህም» ይሉት ነበር። የቤት መኪናዋን ያያት በኋላ ነው፤ መጋረጃ ያላት፣ ባለሥልጣን የጫነች፣ ስታልፍ ልጆች ጨዋታ አቁመው የሚያዩዋት።

እንግዲህ ይሄ ሰው በ2016 ክረምት ለሠርግ የምትከራይ መኪና ልግዛ ሲል ምን እንደሚገዛ መጠየቅ አያስፈልግም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሠርግ የሚወጣ ላንድክሩዘር ሞልቷል። አሮጌ መርሴዲስ ግን ፎቶ ላይ ታምራለች። ሙሽሮች ይወዷታል። ገበያውም ይገፋ ነበር። መጀመሪያ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ቀረጡን አከበደ። ከዚያ በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ። «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኛትም» የሚለው የደላላ ዘፈን ለአንዴ እውነት ነበረበት።

አዲስ አበባ ሄዶ አያት። ነጭ፣ እ.ኤ.አ. የ1982 ሥሪት፣ ናፍታ፣ ማንዋል ማርሽ። ወንበሯ አልተቀደደም። በሯ ሲዘጋ ያ የታወቀ «ጡብ» የሚል ድምፅ አላት። ከኋላ፣ ሻንጣው ላይ፣ በሚያብረቀርቅ ብረት «300D» ተጽፏል። ሞተሯን አስነሳት፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። አንድ ዙር ቦሌ መንገድ ላይ ነዳት። ያ መንገድ ሜዳ ነው።

«ሜካኒክ አስይዘህ አላየሃትም?» ብዬ ጠየቅኩት በኋላ።

«መርሴዲስ እኮ ናት!»

ይህን መልስ ያዙልኝ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

የገዛው ታሪክ

ሰውዬው የከፈለው ለብረት ብቻ አይደለም፤ ለዝና ነው። ስለዚህ ዝናው ከየት እንደመጣ ማየት ነበረብኝ። (የድርጅቱ ታሪክ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ካርል ቤንዝ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ባለ ሦስት ጎማ የሞተር ጋሪ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1886 የፈጠራ መብት አመለከተ። ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች ነበረው፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሰው ግን አላመነበትም። ባለቤቱ በርታ ቤንዝ በኦገስት 1888 ለባሏ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ጭና ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ነዳችው። መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል። መንገድ ላይ የነዳጅ ቱቦው ተዘጋ፤ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ነዳጅ ሲያልቅባት ከመድኃኒት ቤት ገዛች። የፍሬኑ እንጨት ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲለብጥላት አደረገች። ውሃው ደግሞ እየተነነ ስለሚያልቅ በየመንገዱ መጨመር ነበረባት። ዳገት ላይ መኪናው አቃተው፤ ልጆቿ ወርደው ገፉ። ስትመለስ ለባሏ ለዳገት የሚሆን ሌላ ማርሽ ጨምርበት አለችው።

ይህን ለእህቴ ባል ሳነብለት ሳቀ። «ታዲያ የኔዋ ምን አጠፋች? እናቷን ነው የመሰለችው» አለ።

«መርሴዲስ» የሚለው ስም ግን ከቤንዝ ቤት አልመጣም። ሌላው ጀርመናዊ፣ ጎትሊብ ዳይምለር፣ ከአጋሩ ከቪልሄልም ማይባህ ጋር በሌላ ከተማ ለብቻው መኪና ይሠራ ነበር። ኤሚል ዬሊኔክ የሚባል ሀብታም ነጋዴ በፈረንሳይዋ ኒስ ሆኖ የዳይምለርን መኪኖች ለባለጸጎች ይሸጣል፤ በእሽቅድምድም ያሰልፋል። እ.ኤ.አ. በ1900 በ550 ሺህ የወርቅ ማርክ 36 መኪኖች አዘዘ። ትእዛዙ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ኃይለኛ ይሁን፣ ዝቅ ያለ ይሁን፣ በልጄ ስም ይጠራ። ልጅቱ መርሴዲስ ትባላለች፤ ያኔ አሥር ዓመት ገደማ ነበረች። ማይባህ የነደፈው ባለ 35 ፈረስ መኪና በ1901 ኒስ ላይ ወጥቶ ውድድሩን ጠራረገው። አባትዬው በደስታ በ1903 የራሱንም ስም ዬሊኔክ-መርሴዲስ አስባለው። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቷ ትጠራለች፤ እዚያ አባት በልጁ ተጠራ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያሰብኩት ነገር አለ። ይሄ ዓለም የሚያከብረው ስም ከመነሻው ገዢ የለጠፈው ስም ነው። ነጋዴው ምን ዓይነት ስም እንደሚሸጥ ከመሐንዲሶቹ ይልቅ ያውቅ ነበር። ስሙ የቆየው ግን ስር ያለው መኪና የተባለውን ስለሆነ ነው።

ኮከቧ በ1909 ተመዘገበች፤ ሦስቱ ጫፎች በየብስ፣ በባሕር፣ በአየር የሚል ትርጉም ተሰጣቸው። ሁለቱ ተፎካካሪ ድርጅቶች በ1926 ተዋሃዱና መርሴዲስ-ቤንዝ መጣ። በ1936 ባለ ናፍታ የቤት መኪና አወጡ፤ 260D ይባላል፤ የኛዋ ናፍታ አያቷ ናት። ዝናው ጥቁር ገጽም አለው። ትልልቆቹ መርሴዲሶች የናዚ መሪዎች መኪና ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ድርጅቱ በግዳጅ ያመጣቸውን ሰዎች ያሠራ ነበር፤ በ1944 ከነበሩት 63,610 ሠራተኞች ግማሽ የሚጠጉት የግዳጅ ሠራተኞች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች እንደነበሩ ራሱ ይናገራል። ኮከቧን በአክብሮት ብቻ የሚያይ ሰው ይህንንም ቢያውቅ አይከፋም።

ከጦርነቱ በኋላ ስሙን የሠራው የደኅንነት ሥራ ነው። ቤላ ባሬኒ የሚባል መሐንዲስ በግጭት ጊዜ የመኪናው ፊትና ኋላ እየተጨማደደ ኃይሉን እንዲበላ፣ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን ጠንካራ እንዲሆን አሰበ። ሐሳቡ በ1959 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ሁሉም መኪና እንደዚያ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ በ1978 በትልቁ መርሴዲስ ገባ።

እና 123 የሚባለው ሞዴል መጣ። ከ1976 እስከ 1986 መጀመሪያ ድረስ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠራ። የእህቴ ባል መኪና ይሄ ነው። ታክሲ ሆኖ አውሮፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅን፣ አፍሪካን ያዳረሰ መኪና ነው። ሞተሩ ዝግተኛ ነው፤ አይቸኩልም፣ ግን አይሞትም። ውስጡ በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ይዞራል።

ስለነዚህ ናፍታዎች የሚወራ አንድ ቁጥር አለ። ግሪጎሪዮስ ሳኪኒዲስ የሚባል የግሪክ ታክሲ ነጂ በ240D መኪናው፣ ከ123 በፊት በነበረው ሞዴል፣ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ መኪናውን በ2004 ለድርጅቱ ሙዚየም ሰጠ። ደላሎች ይህን ይወዱታል። የማይናገሩት ግን አለ፤ ሰውዬው ሞተሩን በየጊዜው እያወረደ ይቀይር ነበር። ያን ሁሉ የሄደው ኮከቧ ብቻ ሳትሆን የሰውዬው እጅም ነው።

ጋራዡ ውስጥ

መኪናዋ ተጎትታ ኮምቦልቻ ወረደች። አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ አሉ፤ ድሮ የአሰብ መኪኖችን የጠገኑ፣ ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ በጣታቸው የሚያዩ። የእህቴ ባል «ጋሼ፣ ቴስታታው ሄዷል፤ አይደል?» አላቸው ገና ሳይጠጉ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አበባውን አንሳልኝ።»

እኛ ቀልድ መሰለን። አበባው ግን የመጀመሪያው ጥፋት ነበር። የጌጥ ሠራተኛዋ ጉንጉኑን ያሠረችው ልክ ራዲያተሩ ፊት፣ ፍርግርጉ ላይ ነው። ሪባኑ ደግሞ ከኮከቧ ተነስቶ ግራና ቀኝ ወርዷል። አየር የሚገባበት ግማሹ ተደፍኗል። በዚያ ላይ አጀብ አይሮጥም። ቪዲዮው ላይ ቆጠርኩት፤ ከታች እስከ ቆመችበት ድረስ አጀቡ ከቀራጩ መኪና ኋላ በጣም በዝግታ ነው የወጣው። ሙሽሮቹን ጨምሮ አምስት ሰው ተጭኗል።

ቀጥለው የራዲያተሩን ክዳን አነሱ። ገልብጠው ለኔ ሰጡኝ። ከውስጥ ያለው ጎማ ደርቆ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተሰነጣጥቋል። አውራ ጣቴን ስጭነው አንድ ቁራጭ ወደቀ። «በዚህ ነው የነዳኸው?» አሉት።

ይሄ ትንሽ ጎማ ለምን ያን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ደጋ የሚኖር ሰው ማወቅ አለበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ለዚያ ነው ጦሳ ተራራ ሥር ባቄላ ቶሎ የማይበስለው። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ላይ ይሠራል። አስቡት፤ የሞተሩ ጤና የውሃው መፍያ ነው። የሚያድነው ክዳኑ ነው። ክዳኑ አምቆ ሲይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ካፈሰሰ ግን ደሴ ላይ የጀርመን መኪናም ድስት ነው።

ቀጣዩን ነገር ያገኙት ቱቦ ሲያወልቁ ነው። ቴርሞስታት፣ እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የለም። አንድ ሰው ነቅሎ ጥሎታል። አገራችን ውስጥ የተለመደ ነው፤ መኪና ሲሞቅ «ቴርሞስታቱ ነው፣ ይነቀል፣ ውሃው እንደልቡ ይዙር» ይባላል። ለአንዳንድ ሞተር ይሠራ ይሆናል። ለዚህ ሞተር ግን ተቃራኒው ነው። የዚህኛው ቴርሞስታት ሁለት በር አለው፤ አንዱን ወደ ራዲያተር ሲከፍት ሌላውን፣ ውሃው ሳይበርድ አቋርጦ ወደ ሞተር የሚመለስበትን፣ ይዘጋል። ከተነቀለ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ግማሹ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ሽማግሌው ይህን በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛ ላይ ሥለው አሳዩን። «እንዲበርድላት ብሎ ነው ያነደዳት» አሉ።

ውሃው ራሱ ሻይ ይመስላል። ዝገት ነው። ሻጩ በግዢው ጊዜ አንድ እውነት ነግሮት ነበር፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መኪናዋ ጎማዋ ወልቆ ግቢ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆማለች። ውስጧ የነበረው ዝገት የሚከላከለው ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነው። ቆሞ ዛገ፣ ቀለጠ፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ደፈነ። ፋኑን የሚከልለው ፕላስቲክም የለም።

ቴስታታው ግን ተርፏል። ሞተሩን አስነስተው የራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ረጅም ጊዜ አዩ። አልወጣም። ዘይቱም ወተት አልሆነም። «እግዜር ይመስገን በለኝ፤ አንድ መታጠፊያ ብትጨምር ኖሮ ጓርኒሲዮኑ ይሄድ ነበር» አሉት። (ጓርኒሲዮን ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ ነው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኮፈን፣ ቺንጋ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው፤ መኪናው ጀርመን፣ ሜካኒኩ ወሎዬ። ማንም አይደናገርም።)

«መርፌውን አላየኸውም?» ብዬ ጠየቅኩት ያን ቀን ማታ። የሙቀቱን ማለቴ ነው። ቪዲዮው ላይ ከመቆሟ ጥቂት ደቂቃ በፊት ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ይታያል።

«አየሁት። መቶን አልፏል።»

«ታዲያ?»

«ጌጁ ነው የተበላሸው ብዬ ነዋ። መርሴዲስ እኮ ናት!»

ሁለተኛው ይሄ ነው። ሰውዬው መኪናዋን ከመጠርጠር መርፌውን መጠርጠር መረጠ። ቶዮታ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው መታጠፊያ ያቆም ነበር፤ ራሱ ነው ያለኝ።

አራት ቱቦ

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ስልክ ደወሉ። «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ።» ሁለታችንም ሄድን።

ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የኢንጀክሽን ፓምፕ በባትሪ አበሩልንና «ቁጠር» አሉት። ከፓምፑ ተነስተው ወደ ሞተሩ የሚሄዱ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አሉ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። የእህቴ ባል በጣቱ ቆጠረ። አራት። ደግሞ ቆጠረ። አራት።

300D አምስት ሲሊንደር ነው። አራት ያለው 240 ወይም ከዚያ በታች ነው።

«ሞተር ቀይረውባት ይሆናላ» አለ።

ሽማግሌው ከሞተሩ ኋላ ያለውን ብረት በጨርቅ ጠረጉት። የሻንሲ ቁጥሩ ወጣ። WDB ይላል፣ ከዚያ 123123። 300D ብትሆን ኖሮ 123130 ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ሊብሬውን ከኪሱ አስወጡት። የሞተር ይዘት በሚለው ፊት 2399 ተጽፏል። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሊሞላ አንድ የጎደለው። ግዢው ቀን እጁ ላይ ነበር። ፈርሞበታል።

ማንም አልዋሸውም ማለት ነው። ወረቀቱ እውነቱን ይናገራል፣ ሻንሲው እውነቱን ይናገራል፣ ሞተሩ አራት ቱቦ ዘርግቶ ይናገራል። የዋሸው ሻንጣው ላይ ያለው ብረት ብቻ ነው፤ እሱም ሙጫ የተቀባ ቁራጭ ነው። ደላላው «300 ናት» ብሏል፤ እሱም ያነበበው ከሻንጣው ላይ ነው። ለዚያች ቁራጭ ብረት ከ240 ዋጋ በላይ 150 ሺህ ብር ከፍሏል።

ዳገቱ ላይም ልዩነት አለው። የዚያ ዘመን 300D 88 የፈረስ ጉልበት አለው፤ 240D ደግሞ 72። ይሄ በባሕር ጠረፍ ነው። ተርቦ፣ አየር አምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በኛ ከፍታ አየር ስለሚያንሰው ሃያ በመቶ ያህሉን ያጣል። ሐረጎ ላይ የቀረው 57 ፈረስ ገደማ ነው። ባዶዋን 1,400 ኪሎ ገደማ የምትመዝን መኪና፣ አምስት ሰው፣ ቬል፣ አበባ። እሱ ግን 300 ነው ብሎ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጁን እየረገጠ ነበር። ጥቁሩ ጭስ ቪዲዮው ላይ ይታያል።

ኮከቧን ሳይቀር ጠረጠርናት። ሽማግሌው ነካ አድርገው «እሷ የራሷ ናት» አሉ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ደላላው ምን አለ

ደላላው ጋር ተደወለ። ተቆጣ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ መከረ። ምክሩ ይህ ነበር፦ «ዝም በል፤ ጽሑፉን አትንቀለው፤ ጠግነህ 300 ብለህ ሽጣት። ትርፍም ታገኝባታለህ።»

የእህቴ ባል አንድ ሳምንት አሰበበት። እህቴ አልወደደችውም። «አንተን ያናደደህን ለሌላ ሰው ልታደርግ ነው?» አለችው። እኔ ምክር አልሰጠሁም፤ ሌላ ታሪክ ብቻ ነገርኩት።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 የስዊድን የመኪና ጋዜጠኞች አዲሱን ትንሹን መርሴዲስ፣ ኤ-ክላስ የሚባለውን፣ መንገድ ላይ ድንገት የወጣ እንስሳ የሚሸሽ ይመስል ግራና ቀኝ ሲያዞሩት ተገለበጠ። ዓለም ሳቀ። ድርጅቱ መጀመሪያ ተከራከረ። ከዚያ ግን ማስረከቡን አቁሞ፣ የተሸጡትን ጠርቶ፣ መኪና እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ኢኤስፒ የሚባል መሣሪያ በሁሉም ላይ ገጠመ። ያን ጊዜ ይህ መሣሪያ የውድ መኪና ነገር ነበር። ትንሿ መኪና ቀጥላ ተሸጠች። ሁሌ ግን በዚህ ብቻ አላለፈላቸውም። በ2005 በኤሌክትሮኒክስ ችግር 1.3 ሚሊዮን መኪና መልሰው ጠርተዋል። በ2020 ደግሞ በናፍታ መኪኖች የጭስ ምርመራ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምተዋል። ስሙ ተለጥፎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ እነሱም ዘንድ ይፈላል።

ሰማኝ፤ ምንም አላለም። በማግስቱ ጋራዥ ሄደ።

ሥራው ብዙ አልወሰደም። ራዲያተሩ ወርዶ ተበትኖ ተጸዳ። አዲስ ክዳን ተገዛ። ቴርሞስታት ከአዲስ አበባ መጣ። የፋኑን ከለላ ሽማግሌው ከሌላ መኪና አስተካክለው አስገቡ። ኩላንት ተሞላ፤ የቧንቧ ውሃ ቀረ። ሒሳቡ ለዚያች ቁራጭ ብረት ከከፈለው እጅግ ያንሳል። እኔን ግራ የሚያጋባኝ ይሄ ነው፤ መኪናዋን ከመሞት ያዳነው ነገር ዋጋ ከስሟ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ዋጋ ረክሶ መገኘቱ።

ጽሑፉን ግን ራሱ ነቀለው። በፀጉር ማድረቂያ ሙጫውን አሞቀ፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ ቆረጠ። ስር ያለው ቀለም ንጹሕ ነጭ ነበር፤ ምን ያህል ዘመን ተለጥፎ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ምናልባት እኛ ሳንወለድ ነው የዋሸው። ብረቱ አሁን እህቴ ቤት ፍሪጅ ላይ ነው፤ ማግኔት አድርገውታል።

ሚያዝያ ላይ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርግ ያዘች። ከኮምቦልቻ ደሴ። አሁን ሕግ አላት፤ አበባው ኮፈኑ ላይ ብቻ፣ ፍርግርጉ ላይ ሪባን የለም፤ ሐረጎ ላይ ቀራጩ ወደፊት ይሄዳል እንጂ አይጎትታትም፤ ማርሽ ሁለተኛ፤ መርፌው መቶን ከነካ ይቆማል፤ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ጀሪካን ውሃ አለ። የሙሽራዋ እናት ከመሳፈራቸው በፊት ኮከቧን ዳበስ አድርገው «ይቺ ስንት ናት ልጄ? ትልቋ ናት ብለውኝ ነበር» አሉት።

«240 ናት እናቴ» አላቸው። «ግን ደሴ ትደርሳለች።»

እኔ ከኋላ አባዱላው ውስጥ ነበርኩ። ሐረጎ ላይ ዓይኔን ከጭስ ማውጫዋ አላነሳሁም። ላይኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጥግ ይዞ ቆመና ልቤ ዘለለ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ በጣቱ ክዳኑን ሳይከፍት ዙሪያውን ነካ አደረገ፣ ዘጋው። በመስኮት ወደኔ ዞሮ በሁለት እጁ ምንም የለም አለኝ። «ምነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ለማየት ብቻ ነው» አለ። «መርሴዲስ እኮ ናት።»